ቅርጫውና የበዓሉ ተራ

ገና ሲቃረብ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የቅርጫ መዋጮ ይጀመራል። በሬው በጋራ ይገዛል፤ ሥጋው፣ ጉበቱ፣ ጨጓራው ሳይቀር በእኩል መደብ ይከፋፈልና ዕጣ ይወጣል። የትኛው መደብ ለማን እንደሚደርስ ስለማይታወቅ ከፋፋዩ ማዳላት አይችልም፤ አለቃውም ጥበቃውም እኩል ናቸው። ቅሬታው የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ከዚያ በፊት፣ በመዋጮው ላይ ነው። ሰብሳቢው እያንዳንዱ ሰው የከፈለውን ይመዝግብ፤ የበሬውንም ዋጋ በግልጽ ይናገር። ኑሮ የከበደውን ባልደረባ ግን በሰው ፊት «አንተስ አትገባም እንዴ?» አትበሉት፤ ያሳቅቀዋል።

ከበዓሉ በፊት ያለውን ጾምም አትርሱ፤ ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ጾመ ነቢያት ነው። በዚህ ወቅት የቢሮ ግብዣ ካለ የጾም ምግብ አስቀድማችሁ እዘዙ።

ሥራ በማይቋረጥባቸው እንደ ሆስፒታል ባሉ ቦታዎች ደግሞ ሙስሊሙ በገና፣ ክርስቲያኑ በዒድ ተራ የሚሸፍኑበት ልማድ አለ። እጅግ የምወደው ልማድ ነው፤ በፈቃደኝነት እስከሆነ ድረስ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ሠራተኛ በሕዝብ በዓል ቀን ለሠራበት ሰዓት ቢያንስ እጥፍ ይከፈለዋል። ስለዚህ ተራ ስትለዋወጡ ለኃላፊያችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ አለዚያ ክፍያው ላልሠራው ሰው ሊመዘገብ ይችላል።