ታናናሾቻቸውን ስለሚያስተምሩ ልጆቻችን
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሒሳብ ክፍል የምትጠብቁት ገቢና ወጪ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ አለ። እኛ መናገር የምንፈልገው ስለ አንዱ መደብ ብቻ ነው፤ «የአቻ ጤና አስተማሪዎች» ስለሚለው። በሥሩ የሥልጠና፣ የደብተር፣ የሞዴስና የሻይ ወጪ ተጽፏል። ሌላ ነገር የለበትም።

የ15 እና የ16 ዓመት ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ታናናሾቻቸውን ሰብስበው ስለ ወር አበባ ያስረዳሉ። ጨርቁ ጓዳ ተደብቆ ሳይሆን በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ መድረቅ እንዳለበት ይነግሯቸዋል። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ ከመካከላችን ይህን ለልጇ አስቀድማ የነገረች ስንት ናት? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይደክማሉ፤ ግን በአንድ ቀበሌ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው፤ እርጉዟም፣ ሕፃኑም፣ መጸዳጃ ቤቱም እነሱን ይጠብቃል። የማኅፀን በር ካንሰር ክትባትንም አስቡ። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ከተጀመረ ወዲህ «መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ አብሮት ይዞራል። ለዚህ ወሬ ከባለሙያ ማብራሪያ ይልቅ የጎረቤት ልጅ «እኔ ተወግቻለሁ፤ ክንዴን ትንሽ አመመኝና አለቀ» ማለቷ ይበልጣል።

ሥራው ጥሩ ነው እንግዲህ። የሚያሳስበን የአስተማሪዎቹ የራሳቸው ነገር ነው።

በክልላችን ሞሰቦ በምትባል የገጠር መንደር ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ፕሮግራም ተሞክሮ ነበር። ልጃገረዶች ከመንደሩ ሴቶች መካከል በተመረጡ መሪዎች ሥር በቡድን ይሰበሰቡ ነበር፤ ለተማሪዎቹ የትምህርት ቁሳቁስ ይሰጣል፤ ሁለቱን ዓመት ሳትዳር ለተከታተለች ልጅና ለወላጆቿ በመጨረሻ ፍየል ይሰጣል። ውጤቱ ሲጠና ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ፕሮግራሙ ካልገባበት ማነጻጸሪያ መንደር ይልቅ በብዛት ትምህርት ቤት ተገኙ፤ ጋብቻውም በጣም ቀንሶ ነበር። ይህን ሁሉም ይጠቅሰዋል። ብዙ የማይወራው ሌላው ግማሽ ነው፤ ከ15 እስከ 19 ያሉት የማግባት ዕድላቸው ከማነጻጸሪያው መንደር ከፍ ብሎ ተገኘ። ትንሿን ያቆየ ፍየል ትልቋን አላቆየም። እኛ ደግሞ አስተማሪ ብለን የመረጥነው ትልልቆቹን ነው።

ሕጉ 18 ይላል። ነገር ግን በገጠሩ የልጅቷ ዕጣ የሚወሰነው ሁለተኛ ደረጃ ስትደርስ ነው። ትምህርት ቤቱ ከተማ ነው፤ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ቤት መከራየት፣ ስንቅ መቋጠር ይመጣል። አባት ኪራዩን ያሰላል፣ ልጁ ብቻዋን ከተማ መክረሟን ይፈራል፣ ጥር ሲደርስም ሽማግሌ በር ላይ ይቆማል። በቆጋ መስኖ ዙሪያ ያላችሁ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ በበጋም ሽንኩርቱና ስንዴው እጅ ይፈልጋል፣ ያ እጅ የማን እንደሆነም ታውቃላችሁ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ከተማ የምንኖር አባላት ትርፍ ክፍል ያለን ብዙዎች ነን። ለአስተማሪዎቹ ልጆች ክፍል እንስጥ፤ ማኅበሩ ግማሽ ኪራይ ይክፈለን፤ የሚያውቋት እናት ቤት እንዳለች ሲያውቅ የአባትየውም ፍርሃት ይቀላል። ልጅቷ ቅዳሜ ስንቅ ልትወስድ መንደሯ ስትመለስ ታናናሾቿን ታስተምራለች። «ክፍያ ከገባበት በጎ ፈቃድነቱ ይጠፋል» ያላችሁን እህቶች ሰምተናል። በጎ ፈቃድ የሚባለው ግን ለሌላት ሳይሆን ለተረፋት ነው፤ ለእኛ ለአሠልጣኞቹ እንኳ አበል ተከፍሎናል።

ደጋፊዎቻችንንም አንድ ነገር እንለምን። በሪፖርት ቅጻችሁ «የሠለጠኑ ብዛት» የሚለውን በአንድ ቀን እንሞላዋለን። ከጎኑ «በሚቀጥለው መስከረም ትምህርት ቤት የተመዘገቡ» የሚል ዓምድ ጨምሩልን። ቁጥሩ ያንሳል፤ ቢሆንም እሱን ብትጠይቁን እንመርጣለን።

የኪራዩ ስሌት በወረቀቱ ጀርባ አለ። ከሻይ በኋላ ለድምፅ ይቀርባል፤ ክፍል መስጠት የምትችሉ ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁን አስመዝግቡ።