መኪናው ያዘዙትን ይሠራል
(በሬዲዮ የተነገረ)



በዛሬው ምሽት ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ በየቤታችንና በየመሥሪያ ቤታችን ዘወትር የምናየው፥ ነገር ግን ከእጃችን ከወጣ በኋላ ብዙም የማናስበው የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ስብሰባ በተደረገ ቍጥር በጠረጴዛ ላይ ተሰልፎ ይቀርባል፤ ውኃው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጠጣል፤ ጠርሙሱ ግን ከጠጪው ዕድሜ በላይ ይቈያል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እንደ ገለጠው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ዓ. ም. በዓለም ላይ ከተጣለው 353 ሚሊዮን ቶን የፕላስቲክ ቈሻሻ ውስጥ ታድሶ እንደገና ለሥራ የዋለው ከመቶ 9 እጅ ብቻ ነው፤ ከቈሻሻውም ከመቶ 40 ያህሉ እጅ የዕቃ ማሸጊያ ነበር።

ለዚህ ችግር መድኃኒቱ በሰው እጅ ሳይነካ በራሱ የሚሠራና ራሱን የሚቈጣጠር፥ አውቶማቲክ የሚባለው የፋብሪካ መኪና ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ አባባል ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ለመመዘን፥ አስቀድሞ ጠርሙሱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጥሬ ዕቃው እንደ ጥራጥሬ ያለ ነጭ ፕላስቲክ ነው። በመጀመሪያ በሞቀ አየር ይደርቃል፤ ርጥበት ይዞ ቢቀልጥ ኃይሉ ስለሚደክም የሚወጣው ጠርሙስ የማይረባ ይሆናል። ቀጥሎም ይቀልጥና በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጨምቆ፥ አፉ የተሠራለት አጭርና ወፍራም ቱቦ ይሆናል። ይህ ቱቦ በመብራት ሙቀት እስከ 100 ዲግሪ አካባቢ ከሞቀ በኋላ በዘንግ ተስቦ፥ በታመቀ አየር ተነፍቶ፥ በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ የምናውቀውን መልክ ይይዛል።

እንግዲህ ሙቀቱ በግምት በሚታወቅበት ጊዜ የጠርሙሱ ግድግዳ አንዱ ወገን ሲወፍር ሌላው ይሳሳል። ባለፋብሪካውም ጠርሙሱ እንዳይፈነዳበት በመስጋት ከሚያስፈልገው በላይ ፕላስቲክ ይጨምርበታል። አውቶማቲኩ መኪና ግን የእያንዳንዱን ቱቦ ሙቀትና የግድግዳውን ውፍረት እየለካ መብራቶቹን ወዲያውኑ ያስተካክላል፤ የተበላሸውንም በካሜራ አይቶ ገና ውኃ ሳይሞላበት ይለየዋል፤ አንድ ጊዜ የነፋበትንም አየር ሰብስቦ ለሚቀጥለው ጠርሙስ ስለሚያውለው የኤሌክትሪክ ኃይል ይቈጥባል። ከዚህም ጋር የጠርሙሱ ንድፍ እየተሻሻለ በመሄዱ፥ በአሜሪካ አገር የግማሽ ሊትር ያህል የውኃ ጠርሙስ ክብደት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2000 ዓ. ም. በአማካይ 18.9 ግራም የነበረው ከዓመታት በኋላ ወደ 9.89 ግራም ወርዷል። ይህም ማለት በአንድ ሚሊዮን ጠርሙስ 9 ቶን ፕላስቲክ ተቈጠበ ማለት ነው። ጥሬ ዕቃውን በውጭ ምንዛሪ ለምታስገባ ለአገራችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዳሩ ግን መኪናው ጠርሙሱ ከፋብሪካው ደጅ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ቈጥብ ቢሉት ይቈጥባል፤ ጥቍር ቀለም ጨምር ቢሉትም ያለ ስሕተት ይጨምራል። በሠለጠኑት የቈሻሻ መለያ ፋብሪካዎች ውስጥ የፕላስቲኩ ዓይነት የሚታወቀው ለዓይን በማይታይ ብርሃን ነው፤ መሣሪያው ከዕቃው የሚመለሰውን ብርሃን አንብቦ፥ በአየር ግፊት እየገፋ ወደየወገኑ ይለየዋል። በጥላሸት የጠቈረ ፕላስቲክ ግን ብርሃኑን ስለሚውጠው መሣሪያው ሊያየው አይችልም። እንዲሁም ጠርሙሱን ከላይ እስከ ታች የሚሸፍን የሌላ ዓይነት ላስቲክ ያሳስተዋል። አንዱ መኪና አሳምሮ የሠራውን ሌላው መኪና ሳያየው ያልፈዋል ማለት ነው።

መሳሳትም ቢሆን ሁልጊዜ በጎ አይደለም። በ1999 ዓ. ም. በአገራችን የወጣው የደረቅ ቈሻሻ አያያዝ አዋጅ ቍጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ የፕላስቲክ ከረጢት እንዳይሠራና ከውጭ እንዳይገባ ፈቃድ ከልክሎ ነበር። እንዲህ የሳሳው ፌስታል ሁለተኛ አያገለግልም፤ የሚለቅመው የለም፤ ነፋስ ወስዶ ከቦይ ይወትፈዋል፤ ከብትም ይበላዋል። በ2017 ዓ. ም. የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ጨርሶ እስከ መከልከል ደርሷል።

ስለ ጠርሙሱም አንድ ሒሳብ እናስላ። በየሰፈሩ እየዞረ የሚሰበስበው ቆራሌው የሚሸጠው በኪሎ ነው። የቀድሞው ከባድ ጠርሙስ 53 ያህሉ አንድ ኪሎ ይሞላ ነበር፤ ለቀላሉ ጠርሙስ ግን 101 ያህል ጊዜ ጐንበስ ማለት ያስፈልጋል። የኪሎው ዋጋ ካልተሻሻለ፥ ፋብሪካው ያተረፈውን ግራም የከፈለው የቆራሌው ወገብ ነው። ቆራሌው ደክሞት የተወው ጠርሙስ ደግሞ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ የተገኘውም ቍጠባ በሌላ በኩል ይፈስሳል።

የኖርዌይ ሰዎች ይህን ቀድመው ተረድተዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1972 ዓ. ም. ፔተርና ቱረ ፕላንከ የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች ባዶ ጠርሙስ ተቀብሎ የመያዣውን ገንዘብ የሚመልስ መኪና ሠሩ። ዛሬ በዚያ አገር ከ10 የመያዣ ጠርሙሶች 9ኙ ያህል ይመለሳሉ። ሆኖም ሕዝቡን ጠርሙሱን እንዲመልስ ያደረገው መኪናው ብቻ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ የተጣለው የመያዣ ገንዘብ ነው። መኪናው ሰዎች የወሰኑትን በትጋት ቈጠረ።

ስለዚህ ክቡራን አድማጮች፥ ነገሩ የመሐንዲሶች ብቻ ሳይሆን የእኛ የመንግሥት ሠራተኞችም ጭምር ነው። የጨረታ ሰነድ የምታዘጋጁና የዕቃ ደረጃ የምታወጡ ሁሉ፥ ዋጋን ብቻ ሳይሆን የጠርሙሱን ክብደት በግራም፥ ቀለም የሌለው መሆኑን፥ የወረቀቱንም በቀላሉ መላቀቅ ጠይቁ። ለአዲስ መኪና ፈቃድና ብድር የምትሰጡ፥ ከመኪናው ጋር ሠራተኛው መማሩን፥ ከመሰብሰቢያውም ጋር ውል መኖሩን መርምሩ፤ መለኪያው ሲዛባ የሚያስተካክለው ከሌለ አውቶማቲክ መኪና ጥፋትንም በፍጥነት ያበዛልና። ስብሰባ የምታሰናዱም በቅድሚያ ጆግና ብርጭቆ አቅርቡ፤ ጠርሙስ ግድ ከሆነም ባዶውን ለቆራሌው ለይታችሁ አኑሩለት።

መኪና የታዘዘውን ይሠራል እንጂ በገዛ ሐሳቡ ለወንዝና ለከብት አይራራም። መራራት የአዛዡ ፋንታ ነው፤ አዛዡም ብዙ ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ብዕሩን ይዞ የተቀመጠ ሰው ነው።