ራዲዮኑ፣ ካሴቱ፣ ሞባይሉና እኛ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሞ ከወባውም ከሐሩሩም ጠብቆ ለዚህ ዓመታዊ ስብሰባችን ላደረሰን ፈጣሪ ምስጋና ይድረሰው። በዚህ ዓመት የተለዩንን አባሎቻችንንም ነፍስ ይማር።

የዕድራችን ጸሐፊ «ለመጽሔቱ የሚሆን አንድ ንግግር አድርግ» ብሎ ባዘዘኝ ጊዜ እምቢ ለማለት ዳድቶኝ ነበር። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ያለችውን ዕውቀቴን የቃረምኩት ቀን ቀን በመዝገብ ቤት ፋይል ሳወጣና ሳስገባ፣ ማታ ማታ ደግሞ ራዲዮን ስሰማ ነው። ታዲያ ስለማላውቀው ከምቀባጥር ስለማውቀው ልናገር ብዬ ስለ ራዲዮን፣ ስለ ካሴትና ስለ ሞባይል ላጫውታችሁ ቆምኩ። «ዕድርና ዘፈን ምን አገናኛቸው?» የምትሉ አትጠፉም። ታገሡኝ፤ መገናኘት አለመገናኘታቸውን መጨረሻ ላይ እናንተው ትፈርዳላችሁ።

እኔ ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን የነበረው ራዲዮን አንድ ብቻ ነው፤ ባለቤቱም የሰሊጥ ነጋዴ ነበሩ። የቆላውን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ሰው የለም፣ አልጋው ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣል። ነጋዴው ራዲዮናቸውን በርጩማ ላይ አስቀምጠው ሲከፍቱት ጎረቤቱ እየመጣ ዙሪያውን ይቀመጣል። መርፌዋ ትንሽ ገፋ ስትደረግ አዲስ አበባ፣ መለስ ስትደረግ ኦምዱርማን ነው። የመሐመድ ወርዲ ወይም የሰይድ ኸሊፋ ዘፈን ሲመጣ ዓረብኛ የሚያውቀው ለማያውቀው ይተረጉማል። የጥላሁን ገሠሠ ሲመጣ ደግሞ ከማዶ ለንግድ የተሻገሩት ሱዳኖች «ይደገም! ይደገም!» እያሉ ራዲዮኑን ይለምኑታል። ራዲዮን መቼም ልመና አይሰማም፤ እኛ እንስቅ ነበር።

ኋላ የሙዚቃ አዋቂዎች ሲያስረዱ እንደሰማሁት፣ የእኛም የሱዳኖቹም ዘፈን በአብዛኛው በአምስት ድምፅ የተቃኘ ነው። የእኛ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። ስለዚህ ቃሉ ባይገባንም ዜማው ለጆሯችን ባዕድ አይሆንም። ወርዲም በስደት ዘመኑ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም መጥቶ ሲዘፍን ሕዝቡ እንደ አገሩ ልጅ ተቀብሎታል። እዚህ የምንኖርበት መሬት በ1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ነው፤ ከተማችንም ስማቸውን ይዛ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። በዚያ ደም በፈሰሰበት ድንበር ላይ ዘፈን ያለ ይለፍ ወረቀት ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ኖሯል። ጥላሁን በ2001 ዓ.ም.፣ ወርዲ በ2004 ዓ.ም. ዐረፉ። ድምፃቸው ግን ዛሬም በየሻይ ቤቱ አለ።

ድምፅን በዕቃ ውስጥ ማስቀረት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በሰም በተሠራ ድቡልቡል ዕቃ ላይ ድምፅዋን አስቀርታ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክት ላከች። ከተሰማ በኋላ ግን ዕቃው እንዲጠፋ አዝዛ ነበርና ድምፁ አልቀረም። ምኒልክና ጣይቱ በፈንታቸው ድምፃቸውን ቀርጸው መልስ ላኩላት፤ ያ እስከ ዛሬ አለ። ምኒልክ ሲናገሩ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ኋላም ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ አውቶሞቢል መንዳትና መጠገን ሊማሩ ወደ ጀርመን ተልከው ሳሉ እዚያው ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀርጸው ተመለሱ። የመኪናውን ትምህርት ሌላ ሰውም መማሩ አይቀርም ነበር፤ የእሳቸውን ድምፅ ግን ሌላ ሰው አያመጣውም። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ካሴት ልምጣ። ካሴትን ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ለሕዝብ ያሳየው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ነው። ወደ እኛ ሲደርስ ሁለት ነገር ለወጠ። አንደኛ፣ ሰው የወደደውን ዘፈን በፈለገው ሰዓት ሰማ። ሁለተኛ፣ መጻፍ የማይችል ሰው ደብዳቤ መላክ ቻለ።

ታላቅ ወንድሜ በ1974 ዓ.ም. እንጀራ ፍለጋ ወደ ገዳሪፍ ተሻገረ። በ1976 ዓ.ም. በአንድ የጭነት መኪና ሾፌር እጅ ባለ 60 ደቂቃ ካሴት ላከልን። በአንደኛው ፊት የሱዳን ዘፈን ሞልቶበታል። በሁለተኛው ፊት 30 ደቂቃ ሙሉ እሱ ራሱ ይናገርበታል። እናታችንን ይጠራል፣ ጎረቤቱን አንድ በአንድ እየጠራ ሰላም ይላል፣ ስለ ሥራው ያወራል፣ መካከል ላይ ያስላል፣ አንድ ቦታ ላይ አህያ ሲያናፋ ይሰማል። እናቴ ማንበብ አታውቅም፤ ያንን ካሴት ግን በቃሏ አጥንታው ነበር። «ዝም በሉ፣ አሁን አህያው ሊያናፋ ነው» ትለን ነበር።

በዓመቱ ወንድሜ እዚያው ታሞ ማረፉን ሰማን። መርዶ ተነገረ፣ ለቅሶ ተቀመጥን። አስከሬን የለም፣ የምንሄድበት መቃብር የለም። የቀረችን ያች ካሴት ናት። እናቴ እሑድ እሑድ ቡና ስታፈላ በእኔ ቴፕ ታሰማን ነበር። የባትሪ ድንጋይ ውድ ስለነበረ ቅዳሜ ቅዳሜ ድንጋዮቹን አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣቸዋለች፤ ፀሐይ ሲመታቸው ትንሽ ነፍስ ይዘሩ ነበርና።

በ1979 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ራዲዮን የበዓል ዘፈን ያሰማል። እኔ ጎረምሳ ነኝ፣ ዘፈን ይወዳል ልቤ። ባዶ ካሴት ባጣ ጊዜ «በሱዳኑ ዘፈን ላይ ልቅዳ፣ ሰልችቶኛል» ብዬ ያችኑ ካሴት ከቴፑ አገባሁ። መብራት አልነበረም፤ ፊቱን አላየሁም። በማግስቱ ሳዳምጥ በወንድሜ ድምፅ ቦታ ሳክስፎን ይጮኻል።

ወጣቶቹ ላታውቁ ትችላላችሁ፤ ካሴት ከጀርባው ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት። ጥርሱ ከተሰበረ ቴፑ «በላዩ ላይ አልቀዳም» ይላል። ያችን ጥርስ በቢላዋ ጫፍ ሰብሬያት ቢሆን ኖሮ የወንድሜ ድምፅ ይተርፍ ነበር። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው።

ለእናቴ አልነገርኳትም። እሑድ ሲመጣ «ድንጋዩ አልቋል» አልኳት። እሷም ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አሰጣችው። በሚቀጥለው እሑድም «አልቋል» አልኳት፤ አሁንም አሰጣችው። እንዲህ እያልን ብዙ ሳምንት ቆየን። በመጨረሻ አንድ ቀን ቡናውን እየቀዳች «በቃ ተወው፤ ልጄም ሲናገር ደክሞት ይሆናል» አለችኝ። ዐውቃ ይሁን ሳታውቅ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሷ በ1988 ዓ.ም. ስታርፍ ያስቀበራት ይህ ዕድር ነው። እኔ ግን ይህንን ነገር ለሰው ስናገር ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

ወገኖቼ፣ ይህን የምነግራችሁ ሐዘን ለመቀስቀስ አይደለም። የመዝናኛ ዕቃ ምን ያህል እንደሚሰጥና ምን ያህል እንደሚወስድ ከራሴ ቤት ምስክር ላቅርብ ብዬ ነው። ጥፋቱ የቴፑ አልነበረም፤ ቴፕ ያዘዙትን ይቀዳል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ገበያ የሞላውን ዘፈን ብዬ በዓለም ላይ አንድ ብቻ የነበረውን አጠፋሁ።

አሁን ደግሞ ሞባይል አለ። ሞባይልን ልሰድብ አልቆምኩም። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ ስንት ሰው በከተማችን በኩል እንደገባ አይታችኋል። በዚያ ሰሞን አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ሻይ ቤት ተቀምጠው ትንሽ ሞባይል ጆሯቸው ላይ ደግነዋል። የሚያነጋግሩት ሰው የለም፤ የወርዲን ዘፈን ነው የሚሰሙት። በልጅነቴ በነጋዴው ደጅ የሰማሁት ዘፈን ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ ሻይ አዘዝኩ። በተሰባበረች ዓረብኛዬ ጥቂት ተነጋገርን፣ ይበልጡን ግን አብረን ሰማን። ቤታቸውን ጥለው የወጡ ሰው ያን ዘፈን በኪሳቸው ይዘውት መጥተዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን በቅርቡ ለቅሶ ድንኳን ተቀምጬ ዞር ብል ሰው ሁሉ አቀርቅሯል። እንዴት ያለ ሐዘን ነው ብዬ ነበር፤ ለካስ ሁሉም ሞባይሉን ነው የሚያየው! እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። በለቅሶ ድንኳን ካርታ ስንጫወት ያደርን ነን፣ ልጆች ታዝበውናል። ግን ካርታ ብቻን አይጫወቱትም፤ ሰው ይፈልጋል። ሐዘንተኛው ብቅ ሲል ካርታው ይታጠፋል፣ ወሬው ወደ ሟች ይመለሳል። ሞባይል የያዘው ሰው ግን ሐዘንተኛው መጥቶ ሲቀመጥ እንኳ አያየውም።

ስለ ጥሩምባውም አንድ ቃል ልበል። አንዳንድ ወጣቶች «ጥሩምባው ይቅርና የሞት ዜና በሞባይል መልእክት ይነገር» ብለዋል። ግማሹን እደግፋለሁ። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ሽንፋ ወይም ኮኪት እርሻ ላይ ላለ አባል፣ ጎንደር ላለች ልጅ ጥሩምባ አይደርሳቸውም፤ ስልክ ይደርሳቸዋል። ይሁንና ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ምን እንደሆንን አንርሳ። ጥሩምባ ኔትወርክ አይጠይቅም። ደግሞም ጥሩምባ ሲነፋ ሰው ከደጁ ወጥቶ «ማን ነው?» ብሎ ጎረቤቱን ይጠይቃል፣ ሁለት ሆነው ይሄዳሉ። መልእክቱ በሞባይል ብቻ ሲመጣ ግን «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፎ ወደ ፊልሙ የሚመለስ አለ። ያ ሰው ክፉ አይደለም፤ የሄደ መስሎት ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የስልክ መልእክቱ ይጨመር፣ ጥሩምባውም አይቅር።

ሁለተኛ፣ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሞባይል ከኪስ አይውጣ። አስቸኳይ ጥሪ ያለበት ወደ ውጭ ወጥቶ ይነጋገር። ቅጣት ይጣል አልልም፤ ሽማግሌ አይቶ ይቆጣ፣ ይበቃል።

ሦስተኛውና ዋናው፣ እያንዳንዱ ቤት የአባቱንና የእናቱን ድምፅ በሞባይሉ ይቅዳ። የት እንደተወለዱ፣ ወደዚህ ቆላ እንዴት እንደወረዱ፣ ዕድሩ እንዴት እንደቆመ ይናገሩ፤ የሚያንጎራጉሩ ከሆነም ያንጎራጉሩ። ሳልም ቢኖርበት፣ አህያም ቢያናፋ አታጥፉት። ሞባይል ይጠፋል፣ ውሃ ይገባዋል፤ ስለዚህ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። ይህ የካሴቷን ጥርስ መስበር ማለት ነው። በየሠርጉ የዘፋኞችን ድምፅ ለመቅዳት ሞባይል የሚያነሳ እጅ ለእናቱ አንዴ ቢነሳ ምን ይጎዳዋል?

አንድ ነገር ልጨምርና ልቀመጥ። ከዚያ እንቁጣጣሽ ወዲህ ያችን ካሴት ነክቻት አላውቅም ነበር። በ2012 ዓ.ም. የልጅ ልጄ ከሣጥን ውስጥ አግኝታ «አያ፣ ይህ ምንድን ነው?» ብትለኝ አፈርኩና ሞባይል ከሚጠግን ልጅ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። እሱም ከአንድ አሮጌ ቴፕ ጋር አገናኝቶ ወደ ሞባይል ቀዳልኝ። ለካስ ያኔ የራዲዮኑ ዝግጅት ካሴቱ ሳያልቅ አልቆ ኖሯል። ዘፈኑ ጸጥ ሲል ከወንድሜ ንግግር የመጨረሻዋ ሁለት ደቂቃ ተርፋለች። «እንግዲህ ካሴቱ ሊያልቅ ነው» ይላል። «ሁላችሁም ደህና ሁኑ። እማዬ፣ ቡና ስታፈዪ ለእኔም አንድ ስኒ ቅጂልኝ።»

እናቴ እሑድ እሑድ አንድ ስኒ ትርፍ የምትቀዳው ለምን እንደነበረ ያን ቀን አስታወስኩ። ይህን ድምፅ ልጆቼ ሁሉ ዛሬ በየሞባይላቸው ይዘውታል። እኔም የራሴን አስቀድቻለሁ፤ አሳልፈኸዋል ብለው ልጆቼ ቢስቁብኝም ሙሉ አንድ ሰዓት ተናግሬያለሁ።

 ፈጣሪ ለአገራችንም ለጎረቤቶቻችንም ሰላሙን ያውርድ፤ ዕድራችንን ይባርክ፤ ለመጪው ዓመት በጤና ያገናኘን።