ሠላሳ አራት እንግዶች በኢጣሊያ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሠላሳ አራት የማኅበራችን አባላት በመስከረም 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በኢጣሊያ ስላደረግነው ጉዞ ለዚህ ጉባኤ እንዳስረዳ የሥራ አመራር ኮሚቴው አዞኛል። ትእዛዙን በደስታ ተቀብያለሁ። ይሁን እንጂ የተነሣሁት ያየነውን ለመተረክ ብቻ አይደለም። እንደምታውቁት፣ የጉዞ ንዑስ ኮሚቴው ለሚቀጥለው ጊዜ ሃምሳ ሰው ይዞ በዐሥር ቀን ውስጥ ዘጠኝ ከተማ ለመጐብኘት ያዘጋጀው እቅድ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለውሳኔ ይቀርባል። እኔ እቅዱን እቃወማለሁ። የምቃወምበትን ምክንያት ካየሁት ነገር ጋር አያይዤ ላስረዳ። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አሳስባለሁ።

ከአዲስ አበባ ሃያ ስድስት ሆነን የመስቀል በዓል ባለፈ በሳምንቱ ተነሣን። ከጀርመንና ከአሜሪካ የመጡ ስምንት አባሎቻችን ሮማ ላይ ተቀበሉን። ከሮማ ወደ ናፖሊና ወደ ፖምፔይ፣ ከዚያ ወደ አማልፊ ጠረፍ፣ ቀጥሎም ወደ ፊሬንዜ፣ ወደ ሊጉርያ ባሕር ዳርቻና በመጨረሻም ወደ ቬኔዚያ በዐሥራ ሁለት ቀን ተጓዝን። በቡድን መጓዝ የራሱ ሥርዓት አለው። አንዱ መነጽሩን ረስቶ ወደ ሆቴል ሲመለስ ሠላሳ ሦስቱ አውቶቡስ ውስጥ ይጠብቃሉ፤ ቢጫ ጃንጥላ ከፍ አድርጋ ከምትመራ ሴት ኋላ ሽማግሌውም ዶክተሩም እንደ ተማሪ ይሰለፋሉ። ረቡዕና ዓርብ ስለ ጾም ያደረብን ሥጋትም ከንቱ ሆነ፤ በነጭ ሽንኩርትና በቲማቲም የተሠራ ፓስታ በየደረስንበት አልጠፋም። የሕንፃ ሥራ ሲካሄድ ባየንበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ከሠራተኞቹ አፍ «ሲሚንቶ»፣ «ፌሮ»፣ «ቱቦ» የሚሉትን ቃላት እየሰማን፣ ከየት እንደ ወረስናቸው ሳይነገረን ገባን።

ኢጣሊያ ለእኛ እንደ ማንኛውም አገር የመዝናኛ ስፍራ ልትሆን አትችልም። ይህን ለመረዳት ብዙ መሄድ አያስፈልግም። ወደ ሮማ በባቡር የገባ ሰው ከቴርሚኒ ጣቢያ ወጥቶ የሚረግጠው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የኢጣሊያ ወታደሮች ናቸው። ስማቸውም በአቅራቢያው በሚገኝ የአትክልት ቦታ፣ ከግብፅ በመጣ ጥንታዊ ሐውልት ሥር ተጽፏል። ይህን ለአስጎብኚያችን ያስረዳት ከመካከላችን አንድ አረጋዊ መሐንዲስ ነበር። እርሷም በየቀኑ የምታልፍበት አደባባይ ስም ምን ማለት እንደ ሆነ ስለ ነገራት አመሰገነችው።

በማግሥቱ ለገበያ የተመደበውን ጊዜ ሰርዘን ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ ሄድን። በ1937 ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት የቆመው በዚያ፣ አሁን የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በሚገኝበት ሕንፃ ፊት ለፊት ነበር። በ1947ቱ የሰላም ውል መሠረት መመለስ ሲገባው እስከ 2003 ድረስ ከቦታው አልተነሣም። በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ወደ አክሱም ተመለሰ፤ በ2008ም በጥንት ቦታው ቆመ። ዛሬ በሮማው ስፍራ በ2001 በአሜሪካ በደረሰው የሽብር ጥቃት ለሞቱት ሰዎች መታሰቢያ የቆሙ ሁለት የጥንት ዓምዶች አሉ። ሐውልቱ እዚያ እንደ ነበረ የማያውቅ መንገደኛ ምንም ነገር የጐደለ አይመስለውም። እኛ ግን ከዚያ ቶሎ ለመሄድ አልቻልንም።

በሙያችን በኩል ትልቁን ትምህርት ያገኘነው ከፓንቴዮን ነው። ጕልላቱ ከዳር እስከ ዳር 43 ሜትር ይሰፋል፤ የተሠራውም ፌሮ በሌለበት ኮንክሪት ነው። ገንቢዎቹ ከሥር ከባድ ድንጋይ እየቀላቀሉ፣ ወደ ላይ በወጡ ቍጥር ግን ድብልቁን እያቀለሉ፣ በጫፉ አካባቢ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበትን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተጠቅመዋል። ይህን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። በቦታው ቆመን ያሰብነው ግን ሌላ ነገር ነው። ኮሎሴዮ ለብዙ መቶ ዓመታት ድንጋዩ እየተነቀለ ለሌላ ሕንፃ ሲውል፣ ፓንቴዮን እንዴት ሳይፈርስ ቀረ? ሊቃውንቱ የሚሰጡት ዋና ምክንያት በ609 ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሲገለገሉበት መኖሩ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ የሚቈጣ፣ በሩ ሲላላ የሚያጠብቅ ሰው አልጠፋበትም።

የፖምፔይ ሁኔታ የዚህ ተቃራኒ ነው። በ79 ዓ.ም. ቬሱቭዮ የቀበራት ከተማ በአመድ ተሸፍና በቈየችበት ዘመን ተጠብቃ ነበር። ከ1748 ጀምሮ በቍፋሮ ስትገለጥ ግን ነዋሪ የሌላት ከተማ ለዝናብና ለፀሐይ ተጋለጠች። በኖቬምበር 2010 የግላዲያተሮች ቤት እየተባለ የሚጠራው ሕንፃ ፈረሰ። ባለሙያዎች ለአደጋው ከሰጧቸው ምክንያቶች መካከል ወደ ውስጥ የሰረገው የዝናብ ውሃና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጥንቱ ግድግዳ ላይ የተጫነው የአርማታ ጣሪያ ይገኛሉ። ለማጠንከር የተጨመረ ነገር ሸክም ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ 105 ሚሊዮን ዩሮ ተመድቦ ሰፊ የእድሳት ሥራ ተከናውኗል። እኛ ከተመለስን በኋላም፣ በኖቬምበር 2024፣ በቀን የሚገባው ሰው ከ20,000 እንዳይበልጥ ተወስኗል።

አሁን ወደ ጠረፉ ልውሰዳችሁ።

የአማልፊ ጠረፍ በፎቶግራፍ ሲታይ ሰማያዊ ባሕር፣ ነጭና ሮዝ ቤት፣ ቢጫ ሎሚ ነው። ለመሐንዲስ ግን ጠረፉ በመጀመሪያ ደረጃ ግድግዳ ነው። ገበሬዎቹ ለመቆም እንኳ የሚያስቸግረውን ቍልቍለት በእርከን ከፋፍለው፣ እያንዳንዱን እርከን ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ በተካበ የድንጋይ ካብ ደግፈው አፈሩን ይዘውታል። የካቡ ጥበብ በክፍተቱ ላይ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በድንጋዮቹ መካከል እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ማስተንፈሻ ሳይበጅለት በሲሚንቶ የታሰረ ግድግዳ ግን ውሃውን ከኋላው ያጠራቅምና በግፊቱ ይገለበጣል። ነገር ግን ካብ በየዓመቱ ሰው ይፈልጋል። አንድ ድንጋይ ሲወድቅ በዚያው ሳምንት ካልተመለሰ በክረምቱ አንድ ሜትር፣ በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ እርከኑ በሙሉ ይሄዳል።

ሎሚው ከእርከን ወደ መንገድ የሚወርደው ብዙውን ጊዜ በሰው ትከሻ ነው፤ ሸክሙም ሃምሳ ኪሎ ያህል ይሆናል። በአትክልቱ ውስጥ ያነጋገርናቸው አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ ሁለቱም ልጆቻቸው በሆቴል ተቀጥረው እንደሚሠሩ ነገሩን። አልተማረሩም፤ የሆቴሉ ደመወዝ የተሻለ መሆኑን ራሳቸው መሰከሩ። «እኔ ስሞት ካቡን ማን ይክባል?» ብለው የጠየቁት ግን እኛን ነው። አስጎብኚዋ ከተረጐመችልን በኋላ ከመካከላችን መልስ የሰጠ አልነበረም። በዚያ ምሽት ያደርነውም ሁላችን ልጆቻቸው በሚያገለግሉበት ዓይነት ሆቴል ነው።

መልሱን ያየነው ከሳምንት በኋላ በሊጉርያ ጠረፍ፣ ቺንኩዌ ቴሬ በተባሉት አምስት መንደሮች ነው። እነዚህ መንደሮች እንደ አማልፊ ጠረፍ ሁሉ በ1997 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የወይን እርከኖቻቸው ከባሕሩ ጀምሮ እስከ ተራራው ወገብ ይወጣሉ፤ ብዙዎቹ ግን ባለቤቶቻቸው ወደ ከተማና ወደ እንግዳ ማስተናገድ ሥራ ስለ ዞሩ ዳዋ ውጧቸዋል። በኦክቶበር 25 ቀን 2011 በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከመጠን ያለፈ ዝናብ ወረደ። ቬርናሳና ሞንቴሮሶ በውሃ፣ በጭቃና በድንጋይ ተጥለቀለቁ፤ የሰው ሕይወትም አለፈ። በእርግጥ የዚያን ቀኑን ዝናብ ጤናማ እርከንም ቢሆን በሙሉ ሊያግደው አይችልም ነበር። ሆኖም የተተወው እርከን አፈሩንና ድንጋዩን ለጎርፉ መሣሪያ አድርጎ አቀበለው። ከአምስቱ በሌሎች ሁለት መንደሮች መካከል በገደሉ ላይ የሚያልፈው «የፍቅር መንገድ» የተባለው የእግረኛ መንገድም በ2012 በድንጋይ ናዳ ተዘግቶ፣ በሙሉ የተከፈተው በ2024 ነው። ዛሬ በቲኬትና በሰዓት ቀጠሮ ይገባበታል።

ለብዙ ዓመታት በኮንሶ የመንገድ ሥራ ይመራ የነበረ ባልደረባችን በቬርናሳ አንዱን ካብ በእጁ ዳስሶ፣ የድንጋዩ አቀማመጥ ከሚያውቀው ጋር አንድ መሆኑን አሳየን። የኮንሶ እርከኖች በዓለም ቅርስ መዝገብ የገቡት በዚያው በ2011 ዓመት ነው። ልዩነቱ የኮንሶ ካብ ዛሬም የሚካበው እህል በሚዘራበት ሰው እጅ መሆኑ ነው። ይህ ባልደረባችን በዚያ ምሽት የተናገረውን እራት የበላን ሁሉ እናስታውሰዋለን፤ ንዑስ ኮሚቴውም ቢጠይቀው መልካም ነው።

ስለ ፊሬንዜ በአጭሩ ላውጋችሁ፤ ያለዚያ የብሩኔሌስኪ ጕልላት ብቻውን የዛሬውን ስብሰባ ይወስድብናል። ከ1420 እስከ 1436 ከምድር የሚነሣ የእንጨት ድጋፍ ሳይኖረው የተገነባ መሆኑን ታውቃላችሁ። ምናልባት የማታውቁት፣ በ1441 ከኢየሩሳሌም ገዳም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ወደዚያች ከተማ በመጡ ጊዜ ጕልላቱ ገና አዲስ እንደ ነበር፣ በጫፉ ላይ ያለው ፋኖስ መሰል ግንብም እንዳልተጀመረ ነው። ከእኛ በፊት የአገራችን ሰዎች በቡድን ሆነው ያንን ሕንፃ አይተውታል፤ ማንም ግን ጃንጥላ ይዞ አልመራቸውም። የዛሬዋ ፊሬንዜ በ2023 በጥንታዊው መሐሏ አዲስ ቤት ለአጭር ጊዜ እንግዳ እንዳይከራይ ከልክላለች። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቤት ለእንግዳ ሲከራይ ለአስተማሪና ለነርስ የሚሆን ቤት ይጠፋል።

በቬኔዚያ ሠላሳ አራት መሆናችን ራሱ ሕግ የሚነካ ጉዳይ ሆነ። ከተማዋ ከ2024 የበጋ ወራት ጀምሮ በአስጎብኚ የሚመራ ቡድን ከሃያ አምስት ሰው እንዳይበልጥ፣ በድምፅ ማጉያም እንዳይነገር ደንግጋለች። ስለዚህ ለሁለት ተከፍለን ሁለተኛ አስጎብኚ ቀጠርን። በዚያው ዓመት በተወሰኑ ቀኖች ለአንድ ቀን ብቻ ከሚመጣ ጐብኚ አምስት ዩሮ ማስከፈልም ተጀመረ፤ በከተማዋ ውስጥ የሚያድር ግን አይከፍልም። ልዩነቱን አስተውሉት። እኛን የጉዞ ወኪሉ ለዋጋ ቅናሽ ሲል ያሳደረን ከሐይቁ ወዲያ በየብስ በምትገኘው ሜስትሬ ነው። ጧት በባቡር ገብተን፣ ውሃችንን ይዘን፣ ድልድዩን ሞልተን፣ ማታ ወጣን።

በ1951 በጥንታዊቱ ቬኔዚያ 175,000 ያህል ሰው ይኖር ነበር፤ በ2022 ቍጥሩ ከ50,000 በታች ወረደ። ከተማዋን ከባሕሩ ለመጠበቅ የቆሙት 78 የብረት መዝጊያዎች፣ በሙስና ምርመራና በመዘግየት ብዙ ከተናወጡ በኋላ፣ በኦክቶበር 2020 ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሥተው ማዕበሉን አገዱ። ከአንድ ዓመት በፊት ውሃው 187 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ነበርና ሥራው የሚደነቅ ነው፤ እኔም እንደ መሐንዲስ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። በጭቃ ውስጥ የተተከሉት የእንጨት ምሰሶዎችም አየር ስለማያገኛቸው ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይበሰብሱ ይኖራሉ። ጨው የበላውን የምድር ቤት ጡብ የሚለውጠው፣ የጠበበውን የውሃ መውረጃ የሚጠርገው ግን መዝጊያው አይደለም። እርሱን የሚያደርገው ቤቱ ውስጥ የሚኖር ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ዳቦ ቤቱ የጭምብል ሱቅ ሲሆንበትና ኪራዩ ሲንርበት ወደ ሜስትሬ ይሄዳል፤ እኛ ባደርንበት ሰፈር ማለት ነው።

ክቡር ሊቀ መንበር፣ ጉዞው ይቅር አላልኩም። ሠላሳ አራታችንም ከዚያ ያገኘነው ትምህርትና ደስታ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ሃምሳ ሰው በዐሥር ቀን ዘጠኝ ከተማ ሲዞር ግን ካቡንም፣ ሽማግሌውንም፣ የፖርታ ካፔናን አደባባይም አያይም፤ የሚያየው የፊተኛውን ሰው ጀርባ ነው። ስለዚህ የሚከተለውን ማሻሻያ በጽሑፍ አቅርቤአለሁ። አባላቱ ከሃያ አምስት በማይበልጡ ሁለት ቡድኖች ተከፍለው በተለያየ ወር ይሂዱ። ከዘጠኝ ከተማ ፈንታ ሦስት ይመረጡ፤ መኝታውም በየከተማው ውስጥ ይሁን። ከዐሥሩ ቀን ሁለቱ በጠረፉ እርከኖች ላይ ካብ ከሚክቡ ሰዎች ጋር በሥራ ይዋሉ። ዋጋው እንደሚጨምር አውቃለሁ፤ የሒሳብ ሹማችንም ትናንት በድጋሚ አስታውሰውኛል። እቅዱ ግን በዚህ መልክ ቢጸድቅ የመጀመሪያው መዋጮ ከጥር ይልቅ በኅዳር ቢጀመር ልዩነቱ ሊሸፈን እንደሚችል በሁለተኛው ገጽ ላይ አስልቼዋለሁ። ጽሑፉ በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ስለሚገኝ፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት በምሳ ሰዓት እንድትመለከቱት በአክብሮት እጠይቃለሁ።