መኪና ለሥራ ወይስ ሥራ ለመኪና?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በአዲስ አበባ አንድ ሠራተኛ መኪና ሲገዛ ዘመድና ጎረቤት «እንኳን ደስ ያለህ» ይለዋል። በዕቁብም ይሁን በብድር የተገዛ መኪና የኑሮ መሻሻል ምልክት ሆኖ ይታያልና። ነገር ግን ብዙው ገዢ መኪና የሚፈልገው ለክብር ሳይሆን ከመሥሪያ ቤቱ በሰዓቱ ለመድረስ ነው። ግዴታ የሆነ ነገር ደግሞ ሸክሙ ተመዝኖ መታወቅ ይገባዋል።

የመጀመሪያው ሸክም የገንዘብ ነው። ነዳጅ፣ ዘይት፣ ጎማ፣ መለዋወጫ፣ መድንና ዓመታዊ ምርመራ ሁሉም የሚከፈሉት ከዚያው ከደመወዝ ነው። መኪናው ጋራዥ በገባ ዕለት ባለቤቱ ከሥራ ይዘገያል፤ የጥገናውን ዋጋ ለመክፈል ደግሞ ትርፍ ሰዓት ይሠራል። በዚህ አኳኋን መኪናው ለሥራ ተገዝቶ ሥራው ለመኪናው ይሆናል።

ሁለተኛው ሸክም የጊዜ ነው። ጠዋት 60 ደቂቃ፣ ማታም 60 ደቂቃ በመንገድ ላይ የሚያሳልፍ ሰው በወር 22 ቀን ቢሠራ 44 ሰዓት ያጠፋል። ይህም በቀን 8 ሰዓት ሲሰላ ከ5 የሥራ ቀን ይበልጣል። በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ወንበር ካገኘ ሊያነብ ወይም ሊያንቀላፋ ይችላል፤ መሪ የጨበጠ ግን ይህም የለው።

ሦስተኛው ሸክም የአገር ነው። ኢትዮጵያ ነዳጅ የምትገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በጨመረ ጊዜ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ማቆማቸውና የከተማው እንቅስቃሴ መገታቱ አይዘነጋም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ይህ እርምጃ የነዳጅ ወጪን ለመቀነስ ይረዳል። ሆኖም የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን በመንገድ ላይ የሚይዘው ቦታ ያው ነው፤ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ሰው ለማድረስ ከ1,000 ኪሎ ግራም በላይ ብረት ይንቀሳቀሳል።

የችግሩ ሥር ግን ከመኪናው ላይ ሳይሆን ከርቀቱ ላይ ነው። በጀሞ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለብዙ ቤተሰብ መጠለያ ሆነዋል፤ ይሁን እንጂ ብዙው የቢሮ ሥራ በመሀል ከተማ ቀርቷል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም የሚጠቅመው በመስመሩ አቅራቢያ ለሚኖረው ነው።

እንግዲህ የዚህ ማኅበር አባላት መንገድ ይቀይሳሉ፤ ሕንፃ ይነድፋሉ፤ መሥሪያ ቤትም ይመራሉ። መኖሪያ ሰፈር ሲነደፍ የሥራ ቦታና የአውቶቡስ መስመር አብረው ካልተነደፉ ንድፉ በእያንዳንዱ ነዋሪ ላይ የማይታይ ዕዳ ይጽፋል። ለሠራተኞች ሰርቪስ ማዘጋጀት፣ የመግቢያ ሰዓትን ማፈራረቅና የእግረኛን መንገድ ማክበር ከአቅም በላይ የሆኑ ነገሮች አይደሉም። መኪና ለፈለገው ሰው ይኑር፤ እንጀራ ለመብላት ግን መኪና ግዴታ አይሁን።