መዝገብና መቅረዝ

በኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል



የኢዮቤልዩ በዓል ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ስላለፈው ዘመን እግዚአብሔርን ማመስገን፥ ሁለተኛውም ስለሚመጣው ዘመን ልብን መመርመር ነው። ምስጋናው በመዝሙርና በእልልታ ተፈጽሟል፤ ምርመራው ግን ጥቂት ትዕግሥት ይሻል። ጥያቄውም ይህ ነው፤ የአንድ ማኅበር ሕይወት የሚታወቀው በመዝገቡ ነውን? ወይስ በመቅረዙ?

ለዚህ ነገር የስዊድን አገር ታላቅ ትምህርት ይሰጣል። የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን መልእክተኞች በ1866 ዓ.ም. በምጽዋ ወደብ ወረዱ (በዚህ ንግግር የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)። በዚያ ዘመን ስዊድናዊ መሆንና የሉተራዊት ቤተ ክርስቲያን አባል መሆን አንድ ነገር ይመስል ነበር። እስከ 1996 ዓ.ም. ድረስም ከአባላት የተወለደ ሕፃን ገና ሳይጠመቅ በአባልነት ይቈጠር ነበር። በ1972 ዓ.ም. ከመቶው ሰው 95ቱ አባል ነበረ፤ ዛሬ ግን ከግማሹ ብዙ አይበልጥም። በአሜሪካም በ1988 ዓ.ም. ሥራዋን የጀመረችው ወንጌላዊት ሉተራዊት ቤተ ክርስቲያን ያን ጊዜ ከ5 ሚሊዮን የሚበልጡ አባላት ነበሯት፤ ዛሬ ከ3 ሚሊዮን ያነሱ ናቸው።

ይህ የሆነው አሳዳጅ ስለ ተነሣ አይደለም። በሩ አልተዘጋም፥ ደወሉም አልተከለከለም። ነገር ግን የሚወለዱት ልጆች ቍጥር አነሰ፤ ወጣቱ ከገጠር ወደ ከተማ ሄደ፤ የማጽኛ ትምህርቱን የፈጸመው ልጅ ያን ቀን እንደ መሰናበቻ ቈጠረው፤ ብዙ ወላጆችም ማስተማርን ለቄሱ ብቻ ተዉት። እንዲህ ሲሆን ስሙ በመዝገብ ቀረ፥ ሰውየው ግን ሄደ፤ ኋላም ስሙን ራሱ አስፋቀ። መዝገብ ሰም ነው፤ ወርቁ የተማረ ልብ ነው። ሰሙ ወርቁን ለማውጣት ይጠቅማል እንጂ በራሱ ጌጥ አይሆንም።

ሉተር ራሱ ይህን ነገር በዓይኑ አይቶት ነበር። በ1528 ዓ.ም. በሳክሶኒያ አጥቢያዎችን ሲጐበኝ፥ ሕዝቡ ሁሉ ክርስቲያን እየተባለ ዐሥርቱን ትእዛዛት እንኳ የማያውቀው ብዙ ሆኖ አገኘው፤ ከቀሳውስቱም ማስተማር የማይችሉ ነበሩ። ስለዚህ በ1529 ዓ.ም. ታናሹን ካቴኪዝም አወጣ፤ አባወራው ቤተ ሰቡን በቀላል ቃል እንዲያስተምርበት አሰበ። መድኃኒቱን የፈለገው ከመዝገብ ቤት ሳይሆን ከምድጃው ዙሪያ ነው።

በኢትዮጵያ የሆነውም ይህንኑ ያጸናል። በ1898 ዓ.ም. ወደ ምዕራብ ወለጋ ወደ ቦጂ ሄደው ያስተማሩት ገብረ ኤዎስጣቴዎስና ዳንኤል ደበላ እንጂ ፈረንጆች አልነበሩም። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ዓ.ም. ታተመ። ኋላ ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ ሚሲዮናውያኑ ተባረሩ፤ ማኅበሩን ግን የአገሩ ሽማግሌዎችና ሰባክያን ጠበቁት። በ1959 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ስትቋቋም አባሎቿ 20 ሺህ ያህል ነበሩ። በ1979 ዓ.ም. ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገደሉ፤ በደርግ ዘመን በወለጋ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። በሩ ሲዘጋ ጸሎቱ ወደየቤቱ ገባ። ዛሬ አባሎቿ ከ10 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ሆኖም ይህም ቍጥር መዝገብ ነው። ስዊድንም በ1972 ዓ.ም. መዝገቧ ሙሉ ነበር። ስለዚህ በቍጥር የሚመካ ማኅበር የጎረቤቱን ቤት እሳት እያየ የራሱን ጣራ የማያርስ ሰው ይመስላል።

ጠባቂው ሥራ ከባድ አይደለም፤ ነገር ግን አይቋረጥም። የቅኔ ቤት ያለ ግንብና ያለ ሀብት ብዙ መቶ ዓመት የኖረው፥ ከፍ ያለው ተማሪ ለታናሹ ስለሚያስተምር ነው፤ የተቀበለ ሁሉ ያቀብላል። እንዲሁ አባትና እናት በማታ ልጆቻቸውን ያስተምሩ። ሁለት ሦስት እሑድ የቀረውን ሰው ሽማግሌዎች በቤቱ ሄደው ይጠይቁት፤ የሚጠይቁትም ለመውቀስ ሳይሆን ናፍቀውት መሆኑን ይወቅ። ማኅበሩም ወደ ሌላ ስፍራ የሚልከው ሰው በየጊዜው አይጣ።

በስዊድንና በአሜሪካ ከተሞች በቀድሞዎቹ ሉተራውያን አዳራሽ የሚሰበሰቡ የኢትዮጵያ ማኅበሮች አሉ። በዚያ ያደገው ልጅ አማርኛውን ወይም ኦሮምኛውን ሳያስተውል ከወላጆቹ አጠገብ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ኦኔሲሞስ ብዙ ዘመን የደከመው ሰው ሁሉ በሚገባው ቋንቋ እንዲሰማ ነበር። ያ ልጅ በስዊድንኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ቢማር የአባቶች ቋንቋ ተዋረደ አይባልም። ቋንቋው ተጠብቆ ልጁ ከጠፋ ግን መቅረዙ ለማን ይበራል?

የሚቀጥለው ኢዮቤልዩ ሲደርስ መዝገቡን የሚገልጡት የዛሬዎቹ ሕፃናት ናቸው። የእያንዳንዱን ስም ሲያነቡ ፊቱንም በመካከላቸው እንዲያዩት እግዚአብሔር ይርዳ። አሜን።