ከቦይ ውሃ እስከ ፊኛ ነቀርሳ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የሐኪሞች ብቻ ይመስላል። ነገር ግን የውሃ፥ የመሬትና የድኻ ጉዳይ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እንጠራቸዋለን።

በ1851 ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በካይሮ ሬሳ ሲመረምር በደም ሥር ውስጥ የሚኖር ትል አገኘ። በሽታውም በስሙ ብልሃርዝያ ተባለ። በ1911 ፈርጉሰን የተባለ ሐኪም በዚያው በካይሮ ሆኖ ብልሃርዝያና የፊኛ ነቀርሳ የተያያዙ መሆናቸውን ጻፈ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ግን ይህን ትል ነቀርሳ አምጪነታቸው ከተረጋገጠው ጋራ የመደበው በ1994 ነው።

ነገሩ እንዴት ይሆናል? የታመመ ሰው ውሃ ውስጥ ሲሸና ዕንቁላሉ ይፈለፈላል፤ እጩ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ትሉ ካደገ በኋላ ወንዱና ሴቲቱ ተጣምረው በፊኛ ዙሪያ ባሉት የደም ሥሮች ለዓመታት ይኖራሉ። ዕንቁላሎቹ የፊኛውን ግድግዳ ሰንጥቀው ሲወጡ ሽንት ከደም ጋራ ይወርዳል። ያልወጡት እዚያው ይቀበራሉ፤ ሥፍራውም ይቆስላል፥ ይሽራል፥ እንደገና ይቆስላል። ይህ ዓመት ከዓመት ሲመላለስ የፊኛው ውስጠኛ ልባስ ጠባዩን ይለውጣል። በልጅነት የገባው ትል በጎልማሳነት ነቀርሳ ሆኖ ይገኛል።

የግብጽ ገበሬ ቀድሞ የሚያርሰው በዓባይ ሙላት ነበር፤ ሙላቱ ሲጎድል መሬቱ ይደርቃል፥ ቀንድ አውጣውም ይመነምናል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ግን ለጥጥ ሲባል ውሃው ዓመቱን ሙሉ በቦይ እንዲፈስ ተደረገ። ጥጡ ወደ እንግሊዝ ፋብሪካ ሄደ፤ ትሉ ከገበሬው ጋራ ቀረ። ደም መሽናት ከመለመዱ የተነሣ በአንዳንድ መንደር ወንድ ልጅ ለአካለ መጠን የመድረሱ ምልክት ተደርጎ ይቈጠር ነበር።

ሕክምናውም ያስተምረናል። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ የአንቲሞን መድኃኒት በዘመቻ ሲወጋ፥ መርፌው በደንብ ባለመቀቀሉ ሄፓታይተስ ሲ የተባለው የጉበት በሽታ በሕዝቡ ላይ ተዛመተ። በኋላ ፕራዚኳንቴል የሚባለው ኪኒን መጣ፤ ብልሃርዝያው ሲቀንስ ከእርሱ የሚመጣው የፊኛ ነቀርሳም ቀነሰ። ይሁን እንጂ ኪኒኑ በሰውነት ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ነገ ወደዚያው ውሃ የሚገባውን ልጅ አይጠብቀውም።

በአገራችን ደጋ የሚበዛው የአንጀቱ ዓይነት ነው። የፊኛው ዓይነት በአዋሽ ሸለቆ ቆላና በምዕራብ ጠረፍ በኩርሙክ አካባቢ ይገኛል፤ ይኸውም ሐኪም ቤት በሩቅ ባለበት ሥፍራ ነው።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ወደ ታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እናቶቻችን በየወንዙ ሲወቅጡት የኖሩት እንዶድ የበሽታውን መንገድ የሚቈርጥ ሆኖ ተገኘ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። እኚህ ሰው በአሜሪካ ተምረው የተመለሱ ነበሩ፤ ያገኙትን ያገኙት ግን ወደ ወንዙ ወርደው ስላዩ ነው።

እንግዲህ ከእኛ መካከል መሐንዲስ የሚሆነው ቦይ ሲነድፍ ውሃው የት እንደሚቆምና ልጆች የት እንደሚዋኙ ይጠይቅ። ሐኪም የሚሆነው ደም የሚሸናውን ልጅ «ልማድ ነው» ብሎ አይለፈው። ኢኮኖሚ የምናጠናውም የጥጡን ትርፍ ስናሰላ የገበሬውን ፊኛ ከሒሳቡ አናውጣ። ትሉ ከታወቀ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን ዕውቀቱን ወደ ውሃው ዳር የሚያደርስ ሰው ነው።